እንቁራሪትና ጉርጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ጥበብ

ክረምት ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው፣ እስከዚያ ዕለት ድምፃቸው ያልተሰማ እንስሶች በአንድ ሌሊት ከየወንዙ ዳርና ከየረግረጉ መጮኽ ይጀምራሉ። የከተማ ሰው ይህን ሰምቶ «እንቁራሪት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እንቅልፍ የነሣው እንደ ሆነም ይራገማል እንጂ፣ ጩኸቱ ምን እንደሚል የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ድምፅ ከንቱ ጫጫታ አይደለም፤ ዘር ለመተካት የሚደረግ ጥሪ ነው። ከጥሪው በኋላ የሚከተለውም ነገር ከእንስሳት ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን እንቁራሪትና ጉርጥ እንዴት እንደሚራቡ፣ ልጆቻቸውንም በምን ዘዴ እንደሚያሳድጉ፣ ይልቁንም በአገራችን የሚገኙት የሚያደርጉትን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ለመሄድ ያህል ነገራችንን ከዶሮ እንጀምር። በአራዳ፣ በፒያሳ ሥር የነበረው አሮጌ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ፣ ቤቶቹ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርሱም ስሙ ከአዲስ አበቤ አፍ አልጠፋም፤ ይህን ስም የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ዶሮንም እንቁላልንም ያውቃል። የዶሮ እንቁላል ቅርፊቱ ቤት ነው፤ አስኳሉ ስንቅ ነው፤ ፅንሱም ውኃ በያዘ ስስ ከረጢት ተከብቦ በዚያ ውስጥ እየተንሳፈፈ ያድጋል። ዶሮ እንቁላልዋን በደረቅ ገለባ ላይ ብትጥለው የማይደርቀው ስለዚህ ነው። እናቲቱ ለልጅዋ የሚያስፈልገውን ትንሽ ኩሬ በቅርፊት ዘግታ ሰጥታዋለች ማለት ይቻላል።

የእንቁራሪት እንቁላል ግን ቅርፊት የለውም። ነፋስና ፀሐይ ካገኘው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቆ ይሞታል። ዶሮ ለልጅዋ ያዘጋጀችውን ኩሬ እንቁራሪት ከውጭ፣ ከዝናብና ከመሬት መበደር አለባት። እንግዲህ የእነዚህን እንስሶች የመራቢያ ጥበብ ሁሉ የሚገዛው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ውኃው ከወዴት ይገኛል፣ ልጁ እስኪያድግ ድረስስ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው የተለያዩ ልማዶች ሁሉ ለዚህ ለአንዱ ጥያቄ የተሰጡ ልዩ ልዩ መልሶች ናቸው።

በቅድሚያ ሁለቱን ስሞች እንለይ። እንቁራሪት የምንላት ቆዳዋ ልስልስና እርጥብ የሆነ፣ የኋላ እግሮችዋ ረዝመው ሩቅ የምትዘል ናት። ጉርጥ ግን ቆዳው ሻካራና ኪንታሮት በመሰለ እብጠት የተሞላ፣ እግሩ አጠር ያለ፣ ከመዝለል ይልቅ መራመድና አጭር አጭር መንጠር የሚወድ ነው። ከዓይኑ በስተኋላ ያሉት ሁለት እብጠቶች መራራ መርዝ ያመነጫሉ፤ ጉርጥ የነከሰ ውሻ አረፋ የሚደፍቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሆነ ሆኖ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ የልጅ አስተዳደጋቸውም ሥርዓት መሠረቱ አንድ ነው።

በክረምት ሌሊት የሚጮኸው ወንዱ ነው። በጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነፍቶ ድምፁን ያጎላዋል። «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለው ተረታችን እብሪተኛን ለመገሠጽ የተነገረ መልካም ተረት ነው፤ ተፈጥሮን ለተመለከተ ግን ጉሮሮውን የሚነፋው ወንዱ እንጂ ሴቷ አይደለችም፤ የሚነፋውም ዝሆንን ለማከል ሳይሆን ሚስት ለመጥራት ነው። ጥሪውም እንደየዘሩ ልዩ ልዩ ነው፤ ሴቷ በጨለማ ከሚጮኹት ብዙ ድምፆች መካከል የራስዋን ዘር ድምፅ ለይታ ወደዚያ ትሄዳለች። ድምፁ ለእንቁራሪት ብቻ ሳይሆን ለሊቃውንትም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖሩት የሣር እንቁራሪቶች በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ተመራማሪዎች ዘረ መላቸውን፣ አካላቸውንና ጥሪያቸውን አንድ ላይ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በሳይንስ ያልታወቁ አራት ዘሮችን ለይተው ሰይመዋል። ከአራቱ የአንዱ የሳይንስ ስም «ዶሮ» መባሉን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ሴቷ በቀረበች ጊዜ ወንዱ በጀርባዋ ላይ ወጥቶ በፊት እግሮቹ ብብትዋን ወይም ወገብዋን አጥብቆ ይይዛል። እንደዚህ ሆነው ሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ቀናት ይቆያሉ። በአብዛኞቹ ዘሮች ዘንድ ፅንስ የሚፈጠረው በሴቷ ሆድ ውስጥ አይደለም፤ እናቲቱ እንቁላልዋን ወደ ውኃው ስትለቅ ወንዱ በዚያው ቅጽበት ዘሩን በላዩ ያፈስሳል፤ ሁለቱ የሚገናኙትም በውኃው ውስጥ ነው። ስለዚህ ውኃው ለእነርሱ መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ ጋብቻው የሚፈጸምበትም ስፍራ እርሱ ነው።

የእንቁራሪትን እንቁላል ያላየ ሰው ተልባ በውኃ ተነክሮ ያደረ እንደ ሆነ ያስብ። ተልባው ዝልግልግ ውኃ አውጥቶ ፍሬዎቹ በመካከሉ እንደሚታዩ፣ የእንቁራሪትም እንቁላሎች በጠራ ዝልግልግ ነገር ተከብበው እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያሉ። ይህ ዝልግልግ ነገር እንቁላሉን ከግጭትና ከአንዳንድ ተባይ ይጠብቀዋል፤ ከድርቀት ግን ብዙ አያድነውም። እንቁራሪቶች አብዛኛውን ጊዜ እንቁላላቸውን በክምር ወይም በተበተነ ሁኔታ ሲጥሉ፣ ብዙዎቹ ጉርጦች በረጅም ገመድ መልክ ይጥላሉ፤ ጥቁር ፍሬዎቹ በገመዱ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ መቁጠሪያ ይመስላሉ። አንዲት ትልቅ ጉርጥ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

እንቁላል መጣል በሰውነት ቅመሞች፣ ማለትም በሆርሞኖች እንደሚታዘዝ መታወቁ በአንድ ወቅት ለሰው ልጅ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ አገሮች ያሉ ሐኪም ቤቶች አንዲት ሴት ማርገዝዋን ለማወቅ ሽንትዋን ዜኖፐስ በምትባል የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ላይ ይወጉ ነበር። ሴትዮዋ ያረገዘች እንደ ሆነ በሽንትዋ ያለው ሆርሞን እንቁራሪቷን አነሣሥቶ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ያስጥላታል። የዚህች እንቁራሪት ዘመዶች በኢትዮጵያም ደጋ ውኃዎች ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል ከውኃ ሳይወጡ የሚያሳልፉ ናቸው።

እንቁላሉ ከተጣለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይፈለፈላል፤ ደጋና ብርድ በሆነበት ግን ይዘገያል። የሚወጣው ፍጡር እናቱንም አባቱንም ፈጽሞ አይመስልም። እግር የለውም፤ ረጅም ጭራ አለው፤ የሚተነፍሰውም እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው። ይህን ባለ ጭራ ልጅ የሳይንስ መጻሕፍት «እጭ» ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጥራው። የአብዛኞቹ ዘሮች እጭ በድንጋይና በቅጠል ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ዝልግልግ ይግጣል። የዚህ ዓይነቱ ምግብ በቀላሉ ስለማይፈጭ አንጀቱ እጅግ ረጅም ነው፤ በስስ የሆድ ቆዳው በኩል ሲታይ እንደ ሽቦ ተጠምዝዞ ይገኛል።

ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ታላቁ ለውጥ ይመጣል። በመጀመሪያ የኋላ እግሮቹ ይበቅላሉ፤ ቀጥሎም የፊቶቹ ብቅ ይላሉ። ስንጥቡ እየጠፋ ሳንባው ሥራ ይጀምራል። ረጅሙ አንጀት ያጥራል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሥጋ በል ይሆናልና። አፉም ነፍሳትን ለመያዝ እንዲያመች ሰፍቶ እንደ አዲስ ይሠራል። ጭራው ብዙ ሰው እንደሚመስለው ተቆርጦ አይወድቅም፤ ሰውነቱ ቀስ በቀስ መልሶ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህም አፉ እየተለወጠ መብላት በማይችልባቸው ቀናት ጭራው ስንቅ ይሆነዋል። የዚህ ሁሉ ለውጥ አዛዥ በአንገት ላይ የሚገኘው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ነው። ጉደርናች የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተሙት ጥናት፣ የዚህን ዕጢ ሥጋ የተመገቡ እጮች ጊዜያቸው ሳይደርስ ተለውጠው ጥቃቅን እንቁራሪቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ዕጢ በእኛም አንገት ውስጥ ያለ፣ አዮዲን ሲያጣ አብጦ እንቅርት የሚሆነው ያው ዕጢ ነው።

እንግዲህ እስካሁን የተናገርነው የመጀመሪያውንና በብዛት የሚታየውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ብዙ ጥሎ መሄድ ነው። የዚህ መንገድ ጠላቱ ጊዜ ነው። በክረምት የተጠራቀመው ውኃ ፀሐይ ሳይመጠው በፊት እጩ እግር አብቅሎ መውጣት አለበት፤ ካልደረሰ በጭቃው ላይ ይቀራል። ከዚህም በላይ ወፍ፣ ዓሣና የውኃ ነፍሳት ይበሉታል። ነገሩን በሒሳብ ብናየው፣ የእንቁራሪቶች ቁጥር ሳይጨምርም ሳይቀንስም እንዲኖር፣ ከአንድ ባልና ሚስት የዕድሜ ልክ እንቁላል ሁሉ ለአካለ መጠን መድረስ የሚገባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በመንገድ ያልቃሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢያችን በጀት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። እናት እንቁራሪትም በጀት አላት፤ ከሰውነትዋ ቆጥባ ለልጆችዋ የምትመድበው አስኳል የተወሰነ ነው። ይህን በጀት ለብዙ ሺሕ ጥቃቅን እንቁላሎች ብታከፋፍለው ለያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ልጁም ቶሎ ተፈልፍሎ ምግቡን ራሱ መፈለግ አለበት። ለጥቂቶች ብትሰጠው ግን ልጆቹ በስንቅ ጠግበው ያድጋሉ፤ ነገር ግን ጥቂቶች ስለ ሆኑ እያንዳንዳቸው መጠበቅ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ እንክብካቤ የሚገኘው እንቁላል በሚያንስበት ዘንድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንቁላሉን ከውኃ ጠላቶች አርቆ፣ ነገር ግን ከውኃ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ በአገራችን ብዙ ምሳሌ አለ። ሄሚሱስ የተባለችው እንቁራሪት ሌሎቹ በኋላ እግራቸው ሲቆፍሩ እርስዋ ሹል አፍንጫዋን እንደ ዶማ አድርጋ በራስዋ በኩል ትቆፍራለች። ወንዱ ከጀርባዋ ሳይወርድ አብሮ ወደ ጕድጓድ ይገባል። እናቲቱ በውኃ ዳር በሠራችው ጕድጓድ እንቁላልዋን ጥላ እስኪፈለፈል ድረስ በላዩ ትቆያለች፤ ዝናብ በዘነመ ጊዜም መሬቱን ሸርሽራ ልጆችዋን ወደ ውኃ የሚያደርስ መንገድ ታወጣለች። ሌፕቶፔሊስ የሚባሉት ደግሞ እንቁላላቸውን በውኃ ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ የሚቀብሩ ናቸው፤ እጮቹም ዝናብ ሲመጣ እየተፍጨረጨሩ ወደ ኩሬው ይወርዳሉ። ዘመዶቻቸው በዛፍ ላይ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከእነዚሁ አንዱ ግን ዛፍ በሌለበት በኢትዮጵያ ደጋ ሣር ሜዳ መሬት ቆፍሮ መኖርን መርጧል።

አፍሪክሳሉስ የተባሉት ትንንሽ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን በቅጠል ላይ ጥለው ቅጠሉን አጥፈው ከሰውነታቸው በሚወጣ ሙጫ ያጣብቁታል፤ እጮቹ ሲፈለፈሉ ከታጠፈው ቅጠል ወጥተው ወደ ውኃው ይገባሉ። ከእነዚህ ዘሮች አንዱ በደቡብ ኢትዮጵያ የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በሳይንስ ሲሰየም ስሙ ከእንሰት ተክላችን ተወስዷል። በደረቁ የምሥራቅና የደቡብ ቆላ የሚገኙት ኪሮማንቲስ ደግሞ ከውኃ በላይ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራሉ። ሴቷ ከሰውነትዋ የምታወጣውን ፈሳሽ በኋላ እግሮችዋ እንደሚመታ እንቁላል ነጭ እየመታች አረፋ ታደርገዋለች። የአረፋው ውጭ ይደርቃል፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እጮቹም ጊዜያቸው ሲደርስ ወደ ውኃው ይንጠባጠባሉ።

ሦስተኛው መንገድ ልጅን ተሸክሞ ወይም አጠገብ ቆሞ ማሳደግ ነው። በዚህ ረገድ አባቶች ከእናቶች አያንሱም። በምዕራብ አውሮጳ የሚኖር አንድ የጉርጥ ዓይነት አባትየው የእንቁላሉን ገመድ በኋላ እግሮቹ ላይ ጠምጥሞ ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ይዞት ይዞራል፤ እንዳይደርቅም ወደ እርጥብ ስፍራ ይሄዳል። በደቡብ አሜሪካ፣ በቺሌና በአርጀንቲና የሚገኘው የዳርዊን እንቁራሪት አባት ልጆቹን በአፉ አስገብቶ በዚያው በሚጮኽበት የጉሮሮ ከረጢት ውስጥ ያሳድጋቸዋል። ሱሪናም ጉርጥ የምትባለው እናት ደግሞ እንቁላሎችዋ በጀርባዋ ቆዳ ውስጥ ተቀብረው፣ ልጆችዋ ፍጹም ጥቃቅን ጉርጦች ሆነው ከጀርባዋ ይወጣሉ። በደቡባዊ አፍሪካ ያለው ግዙፍ እንቁራሪት አባቱ እጮቹን ይጠብቃል፤ ያሉበት ኩሬ ሊደርቅ ሲቃረብም በእግሩ ቦይ ቆፍሮ ወደ ትልቁ ውኃ ያደርሳቸዋል።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ባሌ ተራሮች እንመለስ። በዚያ ሊቃውንት በአንድ ወገን የሚመድቧቸው ሁለት ትንንሽ ጉርጦች አሉ፤ ወገናቸውም ከኢትዮጵያ ውጭ በማንኛውም የዓለም ክፍል አይገኝም። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1932 የተሰየመው የኦስጉድ ጉርጥ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ኢትዮጵያን ከጐበኙት የቺካጎ ቤተ መዘክር ሊቅ ከዊልፍሬድ ኦስጉድ ነው። ይህ ጉርጥ እንደ ብዙዎቹ እንቁላሉን በውኃ ውስጥ ይጥላል፤ እጮቹም ይዋኛሉ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1978 የተሰየመው የማልኮም ጉርጥ ነው። ስሙ ለማልኮም ላርጅን የተሰጠ መታሰቢያ ነው፤ እርሳቸውም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያገለገሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ም ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ እንቁራሪቶችና በደረታቸው ስለሚሳቡ እንስሳት ትልቅ መጽሐፍ ያሳተሙ ሊቅ ናቸው።

የማልኮም ጉርጥ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ምድር ይኖራል። ሥርዓቱ ከዘመዱ ፈጽሞ የተለየ ነው። ፅንሱ የሚፈጠረው እንደ አብዛኞቹ በውኃ ውስጥ ሳይሆን በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ነው። እናቲቱም ጥቂት፣ ነገር ግን አስኳላቸው የበዛ እንቁላሎች በሣርና በቅጠል ሥር ባለ እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፤ አንዳንድ ጊዜ ብዙ እናቶች በአንድ ስፍራ ይጥላሉ። እጮቹ ከእንቁላሉ ቢወጡም ወደ ኩሬ አይሄዱም፤ ምግብም አይፈልጉም፤ በዚያው በዝልግልጉ ውስጥ ሆነው እናታቸው በሰጠቻቸው አስኳል ብቻ እየኖሩ እግር አብቅለው ይሄዳሉ። አንደኛው ጉርጥ ከኩሬው ጋር ሲቀር፣ ሁለተኛው ኩሬውን በእርጥብ ሣር ተካው ማለት ነው። በምዕራብ አፍሪካ በኒምባ ተራራ የሚኖር ሌላ ትንሽ ጉርጥ ከዚህም አልፎ ልጆቹን በሆድዋ ውስጥ ዘጠኝ ወር ያህል አሳድጋ፣ በዚያም መግባ፣ እንደ ሰው ትወልዳለች። ውኃ ለመበደር ከመሄድ ወጥቶ ኩሬውን በገዛ ሆድ ውስጥ እስከ መሸከም የተደረሰው በዚህ ዓይነት ደረጃ በደረጃ እንደ ሆነ ሊቃውንት የሚያጠኑት እንደነዚህ ያሉትን ዘመዳሞች በማነጻጸር ነው።

ነገር ግን ከሁለቱ የባሌ ዘመዳሞች አንደኛው ከዓይን ጠፍቷል። የኦስጉድ ጉርጥ ለመጨረሻ ጊዜ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናትም በሐረና ደንና በባሌ ተራሮች የሚገኙ ሌሎች ብርቅ እንቁራሪቶች ቁጥራቸው እጅግ ማነሱን አስጠንቅቋል። ለዚህ የሚጠቀሱት ምክንያቶች የደን መመንጠር፣ የሰፈራና የከብት መብዛት፣ እንዲሁም በዓለም ዙሪያ የእንቁራሪትን ቆዳ እያጠቃ የፈጀው የፈንገስ በሽታ ናቸው፤ ይህ ፈንገስ በኢትዮጵያም ተገኝቷል። እንቁራሪት በቆዳዋ ጭምር ስለምትተነፍስና ውኃ ስለምትጠጣ የቆዳ በሽታ ለእርስዋ የሞት በሽታ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ መልካም ዜና ነው፤ የተመዘገበውን መጠበቅ ግን ሌላ ሥራ ነው።

አንድ የጉርጥ ዘር ቢጠፋ ምን ይጐዳል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሁለት ምሳሌ እናቅርብለት። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሰየመች አንዲት እንቁራሪት እንቁላሎችዋን ውጣ ልጆችዋን በጨጓራዋ ውስጥ ታሳድግ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ጨጓራዋ አሲድ ማመንጨቱን ያቆማል። የጨጓራ ሕመም የሚያሠቃየው ሰው ሁሉ የዚህን ምሥጢር ዋጋ ያውቀዋል። ነገር ግን ምርምሩ ሳይፈጸም እንቁራሪቷ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጠፋች፤ ምሥጢሩም አብሮ ሄደ።

ሁለተኛው ምሳሌ በጐረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ፣ በታንዛንያ የሆነ ነው። በኪሃንሲ ወንዝ ፏፏቴ ርጭት ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ ልጆቹን በሕይወት የሚወልድ፣ የባሌዎቹ ቀድሞ ተመድበውበት በነበረው ወገን የሚመደብ ትንሽ ጉርጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ተገኘ። በዚያን ጊዜ ወንዙን ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚጠልፈው ግድብ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ውኃው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲጠለፍ ርጭቱ ጠፋ፤ ጉርጡም በ2009 እ.ኤ.አ. ከተፈጥሮ መኖሪያው እንደ ጠፋ ተነገረ። ዘሩ ሊተርፍ የቻለው አስቀድመው 500 ያህሉን ወደ አሜሪካ መካነ እንስሳት ስለ ወሰዷቸው ብቻ ነው። ታንዛንያ ኤሌክትሪክ ማግኘትዋ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ፕላኑ በተነደፈበት ጠረጴዛ ላይ ስለ ርጭቱ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ወጪውም ድካሙም ባነሰ ነበር።

ነገሩ እኛንም የሚነካው በዚህ በኩል ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን የሱሉልታን ሜዳ ጨምሮ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛባቸው ሣር ሜዳዎች ነበሯቸው፤ ዛሬም በከፊል አሏቸው። ለእንቁራሪት የሚያስፈልጋት ትልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም የማይደርቅ፣ ዘይትና ሳሙና ያልገባበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ይበቃታል። እንዲህ ያለው ስፍራ ግን በፕላን ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ የሚጻፍ ነው። የሚደፈነውም ብዙውን ጊዜ በበጋ፣ ደርቆ ማንም እንስሳ በማይታይበት ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ክረምት የሚመጡት እንቁራሪቶች ጋብቻቸውን የሚፈጽሙበት ውኃ ያጣሉ፤ አዋቂዎቹ ለጥቂት ዓመታት ስለሚቆዩ ጕዳቱ ወዲያው አይታወቅም፤ በኋላ ግን ድምፁ ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ የጤና ባለሥልጣን ውኃ ያቆረ ስፍራ ሁሉ ይቅር ሊል አይችልም፤ የወባና የሌላም ተባይ ነገር አለበት። ይሁን እንጂ በሰፈር መካከል የተዘጋ የፍሳሽ ቦይና በሜዳ ላይ የተኛ የዝናብ ውኃ አንድ አይደሉም። በቆሻሻው ቦይ ውስጥ እንቁራሪት አትራባም፤ ቅርፊት የሌለው እንቁላልዋ በውኃው ውስጥ ያለውን መርዝ ሁሉ ይቀበላልና። የመጀመሪያውን ማጽዳት ግዴታችን ነው፤ ሁለተኛውን መጠበቅ ደግሞ ከዚያ ጋር አይጋጭም። ረግረግ የክረምቱን ጐርፍ ተቀብሎ ቀስ በቀስ የሚለቅ በመሆኑ ለእንቁራሪት የተተወው መሬት ለሰውም ቤት ይጠቅማል።

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ በመሥሪያ ቤታችሁ የመንገድ፣ የቦይ ወይም የቤት መሥሪያ ቦታ ፕላን በእጃችሁ ሲገባ፣ ቦታው በነሐሴ ወር ምን እንደሚመስል ጠይቁ፤ ከተቻላችሁም ዝናብ ባባራበት ምሽት ሄዳችሁ አድምጡ። ጩኸት የሰማችሁ እንደ ሆነ መሬቱ ባዶ አይደለም፤ ይህንኑም በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። ልጆቻችሁም በክረምት ዕረፍታቸው እንደ ተነከረ ተልባ የሚመስለውን እንቁላል በንጹሕ ኩሬ ዳር ቢያገኙት፣ ሳያወጡት በየሳምንቱ እየሄዱ ይመልከቱት፤ ከእንቁላል እስከ እግር ያለውን ለውጥ በገዛ ዓይናቸው ያዩታል።